ጀምስ ብሩስና በትክክል ያልመዘነው ቀስት፦ የዒላማ ጥበብ በአንድ ተጓዥ ሕይወት

ከቡሬ በስተሰሜን፣ በሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይ ከውጭ አገር ተጓዦች ጋር ተያይዞ ሲነሣ የስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስም አብሮ ይነሣል። ስለ ብሩስ የሚጻፈው ባመዛኙ በዓባይ ምንጭ ፍለጋውና ወደ አውሮፓ በወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ላይ ያተኩራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ሕይወቱን ከዒላማ ጥበብ አንጻር ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ ብሩስን ለግሽ ካበቁት ነገሮች አንዱ ተኳሽነቱ መሆኑ፣ በዚሁ ጥበቡ መኩራቱም የሌሎችን የዒላማ ጥበብ በትክክል እንዳይመዝን ማድረጉ ነው። ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ ተወለደ። በእንግሊዝ አገር ሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በወይን ጠጅ ንግድ ተሰማራ። በ1754 ያገባት ሚስቱ በዚያው ዓመት ስለሞተችበት ንግዱን እየተወ ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ጥናት አዘነበለ። በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖም አገለገለ። በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ጊዜው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ በዙፋን ላይ ተቀምጠው ሥልጣኑን ግን ራስ ሚካኤል ስሑል የያዙበት ነበር። ብሩስ የፈንጣጣ ሕሙማንን በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተወደደ።

በቤተ መንግሥት ከበሬታን ያስገኘለት ሌላው ነገር ጠመንጃው ነው። እንደ ራሱ ዘገባ፣ የራስ ሚካኤል ዘመድ የሆነው ገብረ መስቀል በተኳሽነቱ ሲመካ፣ ብሩስ የእርሱ ጠመንጃ በሞራ ሻማ ቁራጭ የሚሠራው ከገብረ መስቀል አረር እንደሚበልጥ ተናገረ። ነገሩ ወደ ጠብ አመራ። በኋላ በንጉሡ ፊት እንዲያሳይ ሲታዘዝ ሻማውን ተኩሶ የተደራረቡ ሦስት ጋሻዎችን በሳ፤ ቀጥሎም የሾላ ገበታ በሳ። ተመልካቹ እንደ ተአምር ቢያየውም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በታላቅ ፍጥነት የሚጓዝ ሞራ ልስላሴው ሳያግደው እንደ ጠጣር ነገር ይመታል።

ሁለተኛው ትርኢት የተደረገው ከጣና ደቡብ፣ በዳሞቱ ገዥ በፋሲል ሠፈር ነው። የዛሬዎቹ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በጥንቱ ዳሞት ክልል ውስጥ ስለሚገኙ የግሽ መንገድ ያለ ፋሲል ፈቃድ የሚሞከር አልነበረም። ፋሲል በመጀመሪያ ሊያሳልፈው አልወደደም፤ ኃይለ ቃልም ተለዋወጡ። በማግስቱ ብሩስ ያልተገራ ፈረስ ቀርቦለት አደከመው፤ ከዚያም በፈረስ ላይ እንዳለ በሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለት ጭልፊቶችን ከአየር ላይ ጣለ። ፋሲልም መሪ ሰጠው፤ የገዛ ፈረሱን እንደ ይለፍ ምልክት ከፊቱ እንዲነዳ ፈቀደለት፤ የግሽንም መንደር በስሙ አደረገለት። ብሩስ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከምንጩ ደረሰ።

ይኸው ተኳሽ በመንግሥቱ ምዕራባዊ ወሰን ቆላ የሚኖሩ ሕዝቦችን ዛሬ ክብረ ነክ በሆነ ስም እየጠራ ስለ ቀስታቸው ጽፏል። ለቡሬ ከሚቀርቡት የቆላ ሕዝቦች መካከል ቀስትን የባህሉ አካል ያደረገው የመተከል ጉሙዝ ይገኛል። ብሩስ እንደሚለው ቀስቱ 2.1 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሕፃናት የአዋቂዎቹን ቀስት ስለሚይዙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አግድም አድርገው ይስቡታል። ፍላፃው 1.4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዘንባባ ቅርንጫፍ የተሠራ፣ ላባ የሌለውና ትልቅ የብረት ጫፍ ያለው ነው። አዳኙ ከገደለው እንስሳ ሁሉ እርጥብ ቆዳ ቆርጦ በቀስቱ ላይ እንደ ቀለበት ያጠልቃል። ቀስቱ ደንድኖ አልጎብጥ ሲል በዛፍ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ አብልጦ የወደደው ደግሞ አብሮት ይቀበራል።

ብሩስ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ መዝግቦ ሲያበቃ አሠራሩን የግድየለሽነት ምልክት አደረገው። የመዘገበው ዝርዝር ግን ሌላ ፍርድ ይደግፋል። የፍላፃ ክብደት ወደ ጫፉ ሲያጋድል ረጅሙ ዘንግ በአየር ግፊት ከኋላ እየተከተለ አቅጣጫውን ይጠብቃል፤ ስለዚህ በአጭር ርቀት ላባ ግድ አይደለም። በኒው ጊኒም ላባ የሌላቸው ረጃጅም ፍላፃዎች የተለመዱ ናቸው። ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ልክ ቀስት መለማመድም ክንድና ትከሻ አንድ ዓይነት አሳሳብ እንዲለምዱ ያደርጋል፤ የቀስት ዒላማ መሠረቱም ይኸው ነው። የቆዳው ቀለበት ቀስቱን ባደነደነው ቁጥር ተኳሹ ኃይሉንና ዕይታውን አብሮ ማስተካከል ነበረበት።

ተመሳሳይ ጉድለት በሌላም ቦታ ይታያል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን ማየቱን ብሩስ አልቀበልም አለ፤ በሥዕል የረዳውን የጣሊያናዊውን የሉዊጂ ባሉጋኒን ድርሻም አልገለጸም። ወደ ብሪታንያ በ1774 ሲመለስ ግን እርሱም በተራው ተጠራጣሪዎች ገጠሙት። አምስት ቅጽ ያለው የጉዞ መጽሐፉ በ1790 ታተመ፤ በ1794 በቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። የጻፈው አብዛኛው ነገር እውነት መሆኑን ኋላ የመጡ ተጓዦች አረጋገጡለት።

ስለዚህ የብሩስ መጽሐፍ በምዕራብ ጎጃምና በመተከል ለሚደረግ የቁሳዊ ባህል ጥናት ዛሬም ይጠቅማል፤ አንባቢው ግን ዓይኑ ያየውን ከኩራቱ ፍርድ መለየት ይኖርበታል። የቀስትን ርዝመትና የፍላፃን ሚዛን በእጅ እየለኩ፣ አሳሳቡንም ከባለሙያዎቹ እየተማሩ መመዝገብ ብሩስ የጀመረውን ሥራ ያለ እርሱ ስሕተት መቀጠል ይሆናል።