አገራቸውን ዞረው ያዩ ሠዓሊ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሕዝቡ ኦልድ ኤርፖርት ብሎ በሚጠራው ሰፈር፣ የጥንት ግንብ የሚያስታውስ አንድ ቤት አለ። ስሙ ቪላ አልፋ ይባላል። ቤቱን በራሳቸው ንድፍ ያሠሩትና ለብዙ ዘመን ሥዕል የሣሉበት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ዝናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ዝናው ያደረሳቸውን መንገድ ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ዛሬ ልናወሳው የፈለግነው ይህንኑ መንገድ ነው።

አፈወርቅ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች፣ ከደጋው አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ደጋው ተቆርጦ፣ ቆላው ከእግሩ በታች እስከ አድማስ ተዘርግቶ ያያል። ይሁን እንጂ የልጅነታቸው ዘመን የመከራ ዘመን ነበር፤ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከድል በኋላ አገሪቱ አጥብቃ የምትሻው መሐንዲስና ባለሙያ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ገና በጉርምስና ዕድሜያቸው የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ።

በዚያ ግን መምህራኖቻቸው የእጃቸውን ተሰጥዖ ተመልክተው ወደ ሥዕል እንዲያዘነብሉ መከሯቸው። ስለዚህ በሎንዶን ሴንትራል በተባለው የሥነ ጥበብና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም በታወቀው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኑ። በመሬት ሆድ ውስጥ የተሰወረውን ሊፈልጉ የሄዱት ወጣት የመሬትን መልክ ማየት ተማሩ።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የመንግሥት ሥራ ቀረበላቸው። በዚያ ጊዜ በውጭ አገር የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ እንዲህ ያለው ሥራ የታመነ ደመወዝና ክብር ነበረው። እሳቸው ግን በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞሩ፣ በየደረሱበት እየሰነበቱ፣ የሕዝቡን ኑሮና የአገሩን መልክ ማጥናትን መረጡ። ኤውሮፓ የተማረ ሠዓሊ አገሩን ሳያውቅ ቢሥል፣ የኤውሮፓ ሠዓሊ ከመባል እንደማያመልጥ ተረድተውት ነበር። ሎንዶን የቀለምና የብሩሽን ሥርዓት ታስተምራለች፤ የኢትዮጵያን ብርሃን ግን ከየት ታመጣዋለች?

በፈረንሳይ አገር እነ ኮሮና ሞኔ ሸራቸውን ተሸክመው ሜዳ ይወጡ፣ ብርሃኑ በየሰዓቱ ሲለዋወጥ እያዩ ይሥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በቆርቆሮ ቱቦ የሚታሸግ ቀለም ከተፈለሰፈ ወዲህ ይህ ልማድ ይበልጥ ቀለለ። የአፈወርቅ ታላላቅ ሥራዎች በመስክ ላይ የተፈጸሙ አይደሉም። ቢሆንም ዓይናቸው የሠለጠነው እንደ እነዚያ ሠዓሊዎች ከደጅ ወጥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የሣሉት ሥዕል «የመስቀል አበባ» መባሉ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደጋውን ቢጫ የምታለብሰውን አበባ ያስታውሰናል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን ትርኢታቸውን አሳዩ። ከዚህ በኋላ ወደ ኤውሮፓ ተመልሰው ሁለት ዓመት ያህል በኢጣልያ፣ በእስፓኝ፣ በፖርቱጋልና በሌሎችም አገሮች ቆዩ፤ ከቀለም መስተዋት ሥዕል የመሥራትን ጥበብም ተማሩ። በዚያም ቢሆን በሎንዶን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ጥንታውያን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ከመመርመር አልተቆጠቡም።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ በአፍሪካ አዳራሽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራው በተጠናቀቀው፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የመስተዋት ሥዕል፣ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የነገ ተስፋዋን አሳይተዋል። የአዲስ አበባ ፀሐይ በመስተዋቱ ውስጥ ስታልፍ ሥዕሉ ከሰዓት ሰዓት መልኩን ይለውጣል። በሐረር እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ቆሞ የነበረው በፈረስ ላይ የተቀመጡት የራስ መኰንን ሐውልትም የእሳቸው ሥራ ነበር። «እናት ኢትዮጵያ»ን እ.ኤ.አ. በ1963 ሣሉ፤ በ1964ም በሥነ ጥበብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህም በቀር የፖስታ ቴምብር ንድፍ አዘጋጅተዋል። የተዉት ደመወዝ ሳያስቆጫቸው ከእጃቸው ሥራ እየኖሩ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወደ ሩቅ ወረዳ መመደብን እንደ ቅጣት የሚቆጥር ወጣት ሠራተኛ ዛሬም አይጠፋም። አፈወርቅ ግን በገዛ ፈቃዳቸው፣ ያለ ደመወዝ ሄዱበት። ሠዓሊ ያላየውን እንደማይሥል ሁሉ፣ ሹምም ያላየውን አገር እንዴት እንደሚያስተዳድር፣ ተማሪም ዞሮ ያላወቀውን ሕዝብ እንዴት እንደሚያገለግል አንባቢዎቻችን ያስቡበት። በዚያ ግንብ መሰል ቤት አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ፣ መሠረቱ የተጣለው በየጠቅላይ ግዛቱ መንገድ ላይ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው እንላለን።