መሥራት አይችልም የተባለው ስደተኛ፦ የዶክተር ኦቶ ሎቪ ሕይወት

እዚህ ናይሮቢ በስደት አብረውኝ ከሚኖሩት መካከል ነርሶች አሉ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አሉ፣ መምህራን አሉ። ብዙዎቹ በሙያቸው አይሠሩም። እኔም አገር ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምሠራው፤ አሁን የሰው ሱቅ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ታሪካቸውን የማወጋችሁን ሰው የመረጥኩት እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ኦቶ ሎቪ ይባላሉ። የነርቭ በሽታዎች ሕክምና ዛሬ ለደረሰበት ደረጃ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ስደተኛም ነበሩ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎቪ በ1873 ጀርመን ውስጥ ፍራንክፈርት ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የሚወዱት የሥነ ጥበብ ታሪክን ነበር፤ ሕክምና ያጠኑት ቤተሰባቸው ስለፈለገ ነው። ተመርቀው ሆስፒታል ሲገቡ ግን ያዩት ነገር አላስቀምጥ አላቸው። ያኔ ለሳንባ ነቀርሳም ለሳንባ ምችም ይሄ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። በሽተኛው ይተኛል፣ ሐኪሙ ቆሞ ያያል፣ ሰውየው ይሞታል። ሎቪ ይህን መቋቋም አቃታቸው። በሽተኛ ማከሙን ትተው፣ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ወደሚመረምረው ሙያ ዞሩ። በ1909 ኦስትሪያ ውስጥ በግራዝ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ 29 ዓመትም እዚያው አስተማሩ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ነበር። ነርቭ ልብንና ጡንቻን የሚያዘው እንዴት ነው? ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ሎቪ ደግሞ ከነርቩ ጫፍ የሚወጣ ኬሚካል ሳይኖር አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ፤ ማስረጃ ግን የላቸውም። ራሳቸው እንደተረኩት፣ መንገዱ የመጣላቸው በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት በሕልማቸው ነው። ነቅተው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረጉና መልሰው ተኙ። ሲነጋ የገዛ ጽሑፋቸውን ማንበብ አቃታቸው! በማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። አሁን ወረቀት አልፈለጉም፤ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪያቸው ሄዱ።

ሙከራውን ማንም ሊረዳው ይችላል። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አወጡ። የእንቁራሪት ልብ ከሰውነት ወጥቶም የጨው ውሃ ካገኘ ለጊዜው ይመታል። አንደኛው ልብ ቬገስ የሚባለው ነርቭ አብሮት አለ፤ ሁለተኛው ነርቭ የለውም። የአንደኛውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ልቡ ምቱን ቀነሰ። ይሄ ድሮም የታወቀ ነው። ከዚያ በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን ውሃ ወስደው ወደ ሁለተኛው ልብ ጨመሩት። ማንም ሳይነካው እሱም ምቱን ቀነሰ። እንግዲህ ከነርቩ ወጥቶ ውሃው ውስጥ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። ውጤቱን በ1921 አሳተሙ። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን የሚባለው መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። ሎቪም በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ታዲያ የእንቁራሪት ልብ ለበሽተኛ ምን ይረባዋል? በ1926 ሎቪና ባልደረባቸው ኤሴሪን የሚባል መድኃኒት አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ እንደሚያደርግ አሳዩ። ጡንቻን የሚያዝለው ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው በሽታ ዛሬም በዚሁ መንገድ በሚሠሩ መድኃኒቶች ይታከማል። ለአልዛይመር ሕመምተኞች ከሚታዘዙት ኪኒኖች አንዳንዶቹም እንዲሁ ናቸው፤ በሽታውን ባያድኑም ለጊዜው ያግዛሉ። በየእርሻው የሚረጩ አንዳንድ ፀረ ተባዮች ሰው የሚመርዙት ደግሞ ይኸው ኬሚካል ከልክ በላይ እንዲከማች በማድረግ ነው። ለተመረዘው ሰው ሐኪም አትሮፒን የሚሰጠው የኬሚካሉን ሥራ ለመግታት ነው።

መጋቢት 1938 የናዚ ጀርመን ጦር ኦስትሪያ ገባ። በዚያው ሌሊት የታጠቁ ሰዎች ቤታቸውን ሰብረው ገቡና ሎቪን ወሰዷቸው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውም ታሰሩ። ይገድሉኛል ብለው ነበር የጠበቁት። እስር ቤት ሆነው ያሳሰባቸው ግን ያላሳተሙት የመጨረሻ ምርምራቸው ነው። አንዱን ጠባቂ ለምነው ፖስት ካርድ አገኙ፣ ውጤቱን ጻፉበት፣ ለሳይንስ መጽሔት እንዲላክላቸው አደረጉ። ከዚያ በኋላ እፎይ አሉ።

ሁለት ወር ገደማ ታስረው ተፈቱ። ከአገር ለመውጣት ግን ዋጋ ተጠየቁ። ስዊድን ባንክ ያስቀመጡትን የኖቤል ገንዘብ ናዚዎች ወደሚቆጣጠሩት ባንክ አዛውሩ ተባሉ፤ አዛወሩ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ባለቤታቸው ጣሊያን ውስጥ ያላቸውን ንብረት ካላስረከቡ አይወጡም ተብለው ቀሩ። ባልና ሚስቱ እንደገና አብረው መኖር የቻሉት በ1941 ነው።

ሎቪ በብራስልስና በኦክስፎርድ አልፈው በ1940 ኒውዮርክ ወደብ ደረሱ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ቦታ ሰጥቷቸው ነበር። ዕድሜያቸው 67 ሊሞላ ነው። አንድ ጸሐፊ ወረቀቶቻቸውን ለኢሚግሬሽኑ ሰው ሲያዘጋጅ፣ ሎቪ የጤና ወረቀታቸውን አየት አደረጉት። ሰውየው በእርጅና የደከመ ነው፣ ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር አይችልም የሚል ተጽፎበታል። መልሰው ወደ ሂትለር የሚጭኗቸው መሰላቸው። ደግነቱ የኢሚግሬሽኑ ሰው ወረቀቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እንኳን ደህና መጡ ብሎ አሳለፋቸው። መሥራት አይችልም የተባሉት ሰውዬ ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ኖሩ። አስተማሩ፣ ጻፉ፣ ወጣት ተመራማሪዎችን አማከሩ። በ1946 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ። ያረፉት በታኅሣሥ 1961፣ በ88 ዓመታቸው ነው።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ሎቪ ስም ነበራቸው፣ የሚጠብቃቸው ሥራም ነበር። የኛ ሰው ይሄ የለውም። ግን አንድ ሰው ምን እንደሚችል ሳይጠየቅ ወረቀት ላይ አይችልም ተብሎ መጻፉ፣ ይሄ ዛሬም ያለ ነው። ገንዘባቸውን ወሰዱባቸው፣ ቤታቸውን ወሰዱባቸው፤ የሚያውቁትን ግን ማንም አልወሰደባቸውም። ደግሞ ልብ በሉ፣ እሱንም ቢሆን እስር ቤት ሆነው በፖስት ካርድ አስቀምጠውታል። እናንተም የትምህርት ማስረጃችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ። የምታውቁትን ጻፉት፣ ለልጆች አስተምሩት። ስደተኛ የምትመዘግቡ ወገኖች ደግሞ፣ ዕድሜውን ከጠየቃችሁ በኋላ ምን መሥራት እንደሚችልም ጠይቁልን።