ወለተ ጴጥሮስ፦ ሰባት ማኅበር ያቆሙ እናት



በወርኃዊ ስብሰባችን ደጋግመን የምናነሣው አንድ ጥያቄ አለ። እኛ ስንደክም ይህን ማኅበር ማን ይይዘዋል? ለዚህ እትም የአንዲት ሴት ታሪክ ስንመርጥ ይህ ጥያቄ በልባችን ነበር። እምነታችን የተለያየ ስለሆነ አንዱን ሃይማኖት ከሌላው ለማስበለጥ አልጻፍንም። እኒህ እናት ሰውን እንዴት አሰባስበው እንዳጸኑ ለማየት ነው የጻፍነው።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1592 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው ባሕር ሰገድ፣ እናታቸው ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ወገናቸው ከመኳንንት ነው። በወጣትነታቸው መልክአ ክርስቶስ ለተባለ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ተዳሩ። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ልጅ የቀበረች እናት በመካከላችን ስላለች ይህን በብዙ ቃል ማስረዳት አያስፈልገንም። ወለተ ጴጥሮስ ከዚህ ሐዘን በኋላ ለመመንኮስ ቆረጡ።

ቤታቸውን ጥለው ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለ ገዳም ሄዱ፤ ጠጉራቸውንም ተላጩ። ባላቸው ግን ሠራዊት ያለው ሰው ነበርና ተሸሽገውበታል የተባለውን አገር ያጠፋ ጀመር። የሃይማኖት አባቶች ሕዝቡ እንዲተርፍ ወደ ባላቸው እንዲመለሱ መከሯቸው። እርሳቸውም ተመለሱ። በእርሳቸው ምክንያት የሌላው ቤት እንዳይፈርስ ብለው የማይፈልጉት ቤት ገቡ። እኛም ለልጆቻችን፣ ለዘመዶቻችን ብለን ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገናል? ይህን መመለስ ሽንፈት ብለን አንጠራውም።

በዚያ ዘመን አገሪቱ ተናውጣ ነበር። የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ከአውሮፓ መጥተው ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት ስበውት ነበር። በ1617 ይህን በመቃወም በተነሣው ጦርነት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። በንጉሡ ወገን ከዘመቱት አንዱ መልክአ ክርስቶስ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ባላቸው በጳጳሱ ሞት እጁ እንዳለበት ሲሰሙ ከእርሱ ጋር መኖር አልቻሉም። ዳግመኛ ወጡ፤ በ25 ዓመታቸውም መነኮሱ። ሌላይቱን መነኩሲት እኅተ ክርስቶስን ጓደኛ አድርገው ያዙ። እርሷም ትዳሯን ትታ የወጣች ሴት ነበረች። ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፄ ሱስንዮስ የቀደመውን እምነት ማስተማር ከለከሉ። ወለተ ጴጥሮስ ግን ዝም አላሉም፤ በአደባባይ ተቃወሙ። በ1622 ለፍርድ ቀረቡ፤ ከሞት የተረፉት የቀድሞ ባላቸው ንጉሡን ስለለመነላቸው ነው። ተለቀው ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ሄዱ፤ በዚያም ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከአውሮፓ ደረሰ። የተጠመቀው እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑም እንደገና ይሾም፣ የጾሙና የበዓሉ ቀን ይለወጥ ተባለ። ገበሬው ከአያቱ የተቀበለው ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ከንቱ ሆነበት። በዚያው ዓመት ወለተ ጴጥሮስ እንደገና ተያዙ። ሜንዴዝ ራሱ እየተመላለሰ ሊያሳምናቸው ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ በምዕራብ በኩል በሱዳን ጠረፍ ወዳለው ሞቃት አገር፣ ወደ ዠበይ፣ ለሦስት ዓመት ተጋዙ።

ንጉሡ ያሰበው ከሰው ሊነጥላቸው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። እኅተ ክርስቶስ አብራቸው ሆነች፤ ከስደቱ የሸሹ ሰዎችም ወደዚያው ይመጡ ጀመር። እንዲህ የመጀመሪያው ማኅበር በግዞት ቦታ ተመሠረተ። ከግዞት ሲመለሱም ሥራው ቀጠለ፤ በጫንቋ፣ በዘጌና በሌሎች ስፍራዎች በድምሩ ሰባት ማኅበራት አቆሙ። ሴቶችም ወንዶችም ነበሩባቸው፤ የሚያድሩት ለየብቻ፣ ንብረታቸው ግን የጋራ ነበር። የእኔ የሚባል ነገር አልነበረም። የመኳንንት ልጅ የነበሩት እናት ውሃ ይቀዱ፣ እህል ይፈጩ ነበር። ሌላው ሲሠራ ቁጭ ብለው የሚያዝዙ አልነበሩም።

በ1632 ወይና ደጋ ላይ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አወጁ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ነገሡ፤ ኢየሱሳውያንም ከአገር ወጡ። ወለተ ጴጥሮስ የታገሉለት ነገር ተሳካ። ፈተናው ግን አላበቃም። ሴት ልታስተምርና ሰው ልትመራ አይገባትም የሚሉ ከራሳቸው ወገን ተነሡ። በችግሩ ቀን ከእርሳቸው ጋር መሆን ያልከበዳቸው፣ በሰላሙ ቀን ሴትነታቸው ታያቸው። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ የተማሩ አባቶችም ቆመውላቸዋል። የቅዳሴውን አገልግሎት ካህናት ይፈጽሙ ነበር፤ የማኅበሩ አመራር ግን በእርሳቸው እጅ እንደሆነ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንፈልጋለን። ወለተ ጴጥሮስ የሚታወቁት ለውጥን በመቃወም ነው፤ ከላይ በትእዛዝና በሰይፍ የመጣውን ለውጥ እምቢ አሉ። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ትልቅ ለውጥ አመጡ። ሴት የምትመራው፣ ወንዱም ሴቱም የሚታዘዝለት ማኅበር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቆሙ። የንጉሡ ለውጥ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ፈረሰ፤ የእርሳቸው ግን ሰዎቹ አብረው እየበሉና እየሠሩ የኖሩበት ስለነበር ጸና።

ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ኅዳር 17 ቀን፣ በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። ማኅበሩ አልተበተነም። ከመጀመሪያው አንሥቶ ጭነቱን አብራ የተሸከመችው እኅተ ክርስቶስ በቦታቸው ተተካች፤ በ1649 እስክትሞት ድረስም መራች። ከዚያም በጣና ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቆራጣ፣ በስማቸው ለቆመው ገዳም አፄ ፋሲለደስ መሬት ሰጡ። ወለተ ጴጥሮስ በሞቱ በ30 ዓመት ገደማ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋቸውን ሰዎች ጠይቆ ገድላቸውን በግእዝ ጻፈ። ዛሬ ይህን ሁሉ የምናውቀው የሚያስታውሱ ሰዎች ስለነገሩት፣ እርሱም ስለጻፈው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ተተኪ በስብሰባ ቀን በድንገት የሚመረጥ አይመስለንም። እኅተ ክርስቶስ ለመምራት የበቃችው በግዞቱም በወፍጮውም አጠገባቸው ስለነበረች ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያዥዋ ወደ ባንክ ስትሄድ አንዲት ወጣት አባል ይዛ ትሂድ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ስትጽፍ ሌላዋ አጠገቧ ትቀመጥ። ደጋፊዎቻችን ሲጎበኙንም ሁልጊዜ እኛው ብቻ አንናገር። አሮጌ መዝገቦቻችንንም ሳይበሉብን እንገልብጣቸው፤ የመሥራቾቻችንን ታሪክ በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንጻፍ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲህ ብናደርግ ምን ይመስላችኋል? በስብሰባው ላይ እንነጋገርበት።