ሄንሪ አርኖልድና የደን ቃጠሎ ጥበቃ ከሰማይ

ሄንሪ ሃርሊ አርኖልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን አየር ኃይል የመራ ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል ስለ መሆኑ ብዙ ተጽፏል። አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ መጀመሪያ አብራሪ የሌለውን አይሮፕላን፣ ቀጥሎም የደን ቃጠሎን ከሰማይ የመጠበቅን ሥራ በእጁ የያዘ ሰው መሆኑ ግን እምብዛም አይነሣም። ዛሬ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ስለ ዋሉ፣ ያን የሕይወቱን ክፍል መለስ ብሎ መመልከት የተገባ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አርኖልድ በ1886 በፔንሲልቬኒያ ከሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። በ1907 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሲመረቅ የተመኘው ፈረሰኛ ጦርን ነበር፤ የተመደበው ግን በእግረኛው ጦር ሆነ። በ1911 ዴይተን ከተማ ወደሚገኘው የራይት ወንድማማቾች ትምህርት ቤት ተልኮ በረራ ተማረ። አይሮፕላን በዚያን ጊዜ ገዳይ ነበር። ያስተማረው አል ዌልሽ በ1912 ተከስክሶ ሞተ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ አርኖልድ ራሱ በካንሳስ፣ በፎርት ራይሊ ሰማይ ላይ ሳለ አይሮፕላኑ በድንገት እየተሽከረከረ ቁልቁል ወረደበት፤ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቃናው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል የአይሮፕላን መሪ አልጨበጠም። አብራሪነት ምን ያህል ከሞት ጋር መጎራበት እንደ ሆነ በወሬ ሳይሆን በራሱ ያወቀ መኮንን ነበር።

በ1918 ዋሽንግተን ሆኖ ከሚከታተላቸው ሥራዎች አንዱ፣ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው መሐንዲስ በዴይተን የሠራው አብራሪ አልባ አይሮፕላን ነበር። ባልደረቦቹ ትንሽነቱን አይተው በተባይ ስም ይጠሩታል። ዋጋው 400 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ 82 ኪሎ ፈንጂ ተሸክሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ የታቀደ ነው። አቅጣጫውን በጋይሮስኮፕ፣ ከፍታውን በባሮሜትር ይጠብቃል። ርቀቱን የሚያውቀው ደግሞ ሞተሩ የሚዞረውን ዙር በመቁጠር ነበር፤ የተወሰነለት ቁጥር ሲሞላ ሞተሩ ይጠፋል፣ ክንፎቹ ይላቀቃሉ፣ አካሉም ከነፈንጂው ይወድቃል። አርኖልድ ይህን መሣሪያ ለጄኔራል ፐርሺንግ ለማስረዳት ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ነገር ግን በጉዞው ላይ የዘመኑ የኅዳር በሽታ ያዘው፤ ድኖ ግንባር ሲደርስ ጦርነቱ አበቃ። ከሃምሳ ያነሱ ተሠርተው ቀሩ።

በ1919 መጀመሪያ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ። የተሰጠው ተግባር ጦሩን መበተን ነበር፤ ለሰላም ጊዜ ለአይሮፕላኖቹ ሥራ መፈለግም አስፈለገ። የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት በበኩሉ ዓይን ያስፈልገው ነበር። በነሐሴ 1910 በአይዳሆና በሞንታና ሁለት ቀን የነደደው እሳት 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል አውድሞ፣ ቢያንስ 85 ሰዎችን ገድሎ ነበርና። በተራራ ራስ ላይ የተቀመጠ ጠባቂ ከሸንተረሩ ወዲያ ያለውን ጭስ አያይም። ስለዚህ በጁን 1919 የጦር አይሮፕላኖች በካሊፎርኒያ ደኖች ላይ የቅኝት በረራ ጀመሩ። ከመነሻ ጣቢያዎቹ አንዱ በሪቨርሳይድ አጠገብ ያለው ማርች ሜዳ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ወቅት ሬዲዮ የለም፤ አብራሪው እሳት ሲያይ ቦታውን በካርታ ለይቶ መልእክቱን በትንሽ ጃንጥላ ይጥላል፣ አንዳንዴ ርግብ ይለቃል፣ ወይም አርፎ ስልክ ይፈልጋል። ሞተር ቢጠፋበት ከበታቹ የሚጠብቀው ዛፍና ገደል ነው።

አርኖልድ ያን የዴይተን መሣሪያ ለዚህ ሥራ ለምን አላሰበውም ብሎ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። መሣሪያው መቁጠር እንጂ ማየት አይችልም፤ መውደቅ እንጂ መመለስ አያውቅም። ደን ጠባቂ የሚፈልገው ደግሞ እነዚያኑ ሁለቱን ነበር። በሰው ዓይን ምትክ ሌላ ዓይን እስኪገኝ ድረስ አብራሪው መሄድ ነበረበት።

በጀት በመመናመኑ ቅኝቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዳከመ። አርኖልድም በ1925 በጄኔራል ሚቸል የፍርድ ሂደት ለተከሳሹ በመመስከሩና አቋሙን ባለመተዉ የአለቆቹን ቁጣ አተረፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደዚያው ወደ ፎርት ራይሊ ተገፋ። በዚያ ዘመን ለልጆች መጻሕፍት ጻፈ፤ በ1928 ከወጡት አንዱ ስለ ደን ቅኝት በረራ የሚተርክ ሲሆን፣ ለባለታሪኩ የሰጠው የልጁን ስም ነበር። በ1938 የአየር ጓዱ አዛዥ ሆነ። በ1944 ያረጁ ቦምብ ጣዮች ፈንጂ ተሞልተው በሬዲዮ እንዲመሩ ሲሞከር ደግፏል፤ ውጤቱ ግን የሚያኮራ አልነበረም። በ1946 ጡረታ ወጥቶ በካሊፎርኒያ በሶኖማ ሸለቆ መኖር ጀመረ፤ በጃንዩዌሪ 1950 በልብ ሕመም እዚያው ዐረፈ።

የጠፋው ዓይን የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከሙቀት የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር የሚያይ መሣሪያ በጭስ ውስጥ አልፎ የእሳቱን ጠርዝ ይለያል፤ በ2007 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ኢክሃና የተባለውን አብራሪ አልባ አይሮፕላን በደቡብ ካሊፎርኒያ እሳቶች ላይ አሰማራው። በ2013 በዮሴሚቴ አካባቢ አንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በነደደ ጊዜ፣ ፕሬዴተር የተባለው አይሮፕላን ለሰዓታት እያንዣበበ ምስል ይልክ ነበር። መሪውን የጨበጡት ሰዎች የተቀመጡት መሬት ላይ፣ በማርች ሜዳ ነበር። በኦክቶበር 2017 ደግሞ እሳቱ ወደ ሶኖማ ሸለቆ ራሱ ገባ።

ውሃና እሳት ማብረጃ ፈሳሽ የማፍሰሱ ሥራ ግን አሁንም በአመዛኙ በሰው እጅ ነው። በ2015 በአይዳሆ ኬማክስ የተባለ ሄሊኮፕተር ያለ አብራሪ ውሃ ሲጥል በሙከራ ታይቷል። በጃንዩዌሪ 2020 በአውስትራሊያ አንድ ትልቅ አይሮፕላን ፈሳሹን ካፈሰሰ በኋላ ተከስክሶ በውስጡ የነበሩት ሦስቱ አሜሪካውያን ሞተዋል።