ጄምስ ብሩስና የግሽ ዓባይ መንገዱ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ሰከላ የሚወጣ ሰው ግሽ ዓባይን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ መርከብና ስለ ባሕር መንገድ መጻፋችን አንዳንዱን አንባቢ ሳያስገርመው አይቀርም። ይሁን እንጂ በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ኬክሮስና ስለ ኬንትሮስ ስንማር፣ ይህን የአገራችንን ምንጭ በኮከብ ለክቶ በካርታ ላይ ያስቀመጠው ሰው አስቀድሞ የቀይ ባሕርን መንገድ የለካ መሆኑን ስለ ተረዳን፣ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው።

ጄምስ ብሩስ በ1730 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በተባለ ቦታ ተወለደ። ሚስቱ በ1754 ዓ.ም. በጋብቻቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተችበትና ኀዘኑን በጉዞና በቋንቋ ትምህርት ለመርሳት ሞከረ፤ ዓረብኛንና ግዕዝንም አጠና። ከ1763 እስከ 1765 ዓ.ም. በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠራ። ሹመቱን ከተወ በኋላ በሊቢያ ባሕር ዳር ሲጓዝ፣ ከልኩ በላይ ሰው የተጫነበት የግሪክ መርከብ በማዕበል ተሰበረና ዋኝቶ ወደ የብስ ወጣ። ዕቃውም ስለ ጠፋበት የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ኳድራንት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ሰጠው። ይህ መሣሪያ በኋላ እስከ ጎንደር ድረስ አብሮት መጥቷል።

በ1769 ዓ.ም. ብሩስ ከግብፅ ቁሰይር ወደብ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር ገባ። የተሳፈረባት ታንኳ ሳንቃዋ በምስማር ያልተመታ፣ በገመድ የተሰፋ ነበረ፤ ሸራዋም ከዘንባባ ዓይነት ቅጠል የተሠራ ሰሌን ነበረ። አንባቢ ሆይ፣ በእንዲህ ያለ ነገር ተሳፍሮ ባሕር መግባት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ገምት!

ግን ታንኳይቱ የራስዋ ጥቅም ነበራት። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ዳርቻ ኮራል የሚባለው ስለታም የባሕር ድንጋይ ውኃው ሥር ተደብቆ ይገኛል። ጥልቁ ውኃ ያለው በመካከል ነው። ትልቅ መርከብ ከታች ብዙ ስለሚጠልቅ መካከሉን ይዞ ሌሊትም ቀንም ይሄዳል፤ ወደ ዳር ለመጠጋት ግን ይፈራል። ትንሽ ታንኳ በድንጋዩና በየብሱ መካከል እየተሹለከለከች በቀን ትሄዳለች፣ ሲመሽ በአንድ ጥግ ትቆማለች። ስለዚህ በሁለት ወደቦች መካከል ያለው ርቀት በካርታ ላይ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የመንገዱ ርዝመት እንደ መርከቡ ይለያያል። ለምሳሌ ጅዳ በ21 ዲግሪ ከ29 ደቂቃ፣ ምጽዋ በ15 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናቸው፤ ኬንትሮሳቸውም ይቀራረባል። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለት 1852 ሜትር ስለ ሆነ፣ ልዩነቱ 353 ማይል ወይም 654 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብሩስ ግን የየመንን ዳርቻ ተከትሎ እስከ ባብ ኤል መንደብ ወርዶ፣ ተመልሶ ባሕሩን ስላቋረጠ፣ ጅዳን በሐምሌ ለቆ ምጽዋ የደረሰው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1769 ዓ.ም. ነው። ምጽዋ ሊደርስ ሲል ታንኳይቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ነበር፤ ሆኖም ተረፈች።

በየወደቡ ሲወርድ ኬክሮሱን በፀሐይና በኮከብ ይለካ ነበር። ኬንትሮስን ማግኘት ግን ከባድ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ዘዴዎች አንዱ የጁፒተር ጨረቃዎች የሚጋረዱበትን ሰዓት በመነጽር መመልከትና በአውሮጳ ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነበር፤ የ4 ደቂቃ የጊዜ ልዩነት አንድ ዲግሪ ይሆናል። ይህ በመርከብ ላይ አይሆንም፤ መርከብ ይናወጣልና መነጽሩ አይረጋም። ከየብስ ላይ መቆም ያስፈልጋል።

ከምጽዋ እስከ ጎንደር ሦስት ወር ፈጀበት። ያንን ከባድ ኳድራንት ሰዎች እየተፈራረቁ በጣራንታ ተራራ ላይ ተሸክመው አወጡት። እኛስ የተሸካሚዎቹን ድካም ከብሩስ ድካም አሳንሰን አናየውም። በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ዘመኑ የዐፄ ተክለ ሃይማኖትና የራስ ሚካኤል ስሑል ነበረ፤ የፈንጣጣ ሕሙማንን በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ሞገስን አገኘ።

ከዚያ የዳሞት ገዥ የነበሩት ፋሲል መሪ ሰጥተውት፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ዓ.ም. ግሽ ደረሰ። የአገሩ ሰዎች ምንጩን ያከብሩ ስለ ነበረ ጫማውን እንዲያወልቅ አደረጉት። የምንጩ አገልጋይ የነበሩት ሽማግሌ ክፍለ ዓባይ በእንግድነት ተቀበሉት። ብሩስም መሣሪያውን ተክሎ ለካ፤ ኬክሮሱን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፣ ኬንትሮሱን 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ተኩል አለ። የዛሬ ካርታ ሲታይ ኬክሮሱ እጅግ የተጠጋ ነው፤ በኬንትሮሱ ግን ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስቷል። ይህም በሰዓት ሲታሰብ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ስሕተት ነው። በእንጨት ታንኳና በሰው ትከሻ ለመጣ መሣሪያ ይህ የሚያስነቅፍ አይመስለንም።

የሚያስነቅፈው ሌላ ነው። ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓኝ ቄስ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን ያየው በ1618 ዓ.ም.፣ ከብሩስ 152 ዓመት ቀድሞ ነበረ። ብሩስ ይህን አላምንም አለ። ሥዕሉን ይሠራለት የነበረውን ኢጣልያዊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም እስከ ግሽ አብሮት ሄዶ ሳለ፣ ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ የሞተው ከግሽ ከተመለሱ በኋላ ነው። ኮከብን በጥንቃቄ የለካ ሰው የጓደኛውን ድርሻ መሰወሩ ያሳዝነናል። የግሽ ሰዎችማ ምንጫቸውን መቼም አላጡትም ነበር።

ብሩስ በስናርና በኑብያ በረሃ አድርጎ በ1773 ዓ.ም. ካይሮ ገባ። በዚያም ለእንግሊዝ መርከቦች አንድ ጉዳይ ፈጸመ። ከሕንድ የሚመጡት ትላልቅ መርከቦች ጅዳ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ከዚያ ወደ ላይ ዕቃው በትናንሽ መርከቦች ተገልብጦ ወደ ስዊዝ ይሄድ ነበር። ምክንያቱ የጅዳ ቀራጮች ጥቅም ብቻ አይደለም፤ በሰሜኑ ክፍል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ስለሚነፍስ ለትልቅ የሸራ መርከብ አድካሚ ነበረ። ብሩስ መርከቦቹ በቀጥታ ስዊዝ እንዲገቡ ከግብፁ ገዥ ከሙሐመድ በይ ፈቃድ አገኘ። መርከቦቹም መምጣት ጀመሩ፤ ነገር ግን በ1779 ዓ.ም. የቱርክ ሱልጣን ከለከለ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ዓ.ም.፣ ብሩስ በተሰፋችው ታንኳ ከተጓዘ ልክ በ100 ዓመቱ ነው። በቦዩም ቢሆን የመርከብ መጠን ነገር አልቀረም፤ በ2021 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የተባለ 400 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ ተጋድሞበት መንገዱ ስድስት ቀን ተዘግቶ ሲቆይ፣ አንዳንድ መርከቦች አፍሪካን ዞረው ሄደዋል።

ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ። የተናገረውን ግን ብዙዎቹ እንደ ተረት ቆጠሩበት፤ ስለዚህ አኩርፎ ቆየና የጉዞውን መጽሐፍ በ5 ክፍል ያሳተመው በ1790 ዓ.ም. ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1794 ዓ.ም.፣ በገዛ ቤቱ አንዲት እመቤት እስከ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲቻኮል ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።