የነቀርሳ ሕሙማን አገልጋይ፥ እማሆይ አልፎንሳ

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ እትም የምናወሳው የአሜሪካዊቷን የሮዝ ሐውቶርንን ሕይወት ነው። ሮዝ በ1851 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፥ ሌኖክስ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥሩ ደራሲ ናትናኤል ሐውቶርን ናቸው። በ20 ዓመታቸው ትዳር ያዙ፤ ነገር ግን አንድ ልጃቸው በ1881 በሕፃንነቱ ሞተባቸው፤ ኋላም ከባለቤታቸው ተለያዩ።

በዚያን ዘመን ነቀርሳ (ካንሰር) ተላላፊ ይመስል ስለ ነበር ታማሚው ይሸሽ ነበር። ባለጸጋው በቤቱ ሐኪም እየጎበኘው ይሞታል። የኒው ዮርክ ድኃ ግን ተስፋ ሲቆረጥለት ብላክዌልስ ወደ ተባለው ደሴት፥ ወደ ድኆች መጠለያ ይላካል። ሮዝ አንዲት ልብስ ሰፊ እንዲህ መወሰዷን ሰምተው ዕረፍት አጡ።

በ1896፥ በ45 ዓመታቸው፥ በኒው ዮርክ የነቀርሳ ሆስፒታል ሦስት ወር ያህል ቁስል ማጠብና ማሰር ተማሩ። ከዚያም በድኆች ሰፈር ቤት ተከራይተው ሕሙማንን ይቀበሉ ጀመር። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንወዳለን። የሚያድን መድኃኒት አልነበራቸውም፤ እናድናለንም አላሉም። የሚሸተውን ቁስል ያጥባሉ፥ ፋሻውን ይለውጣሉ፥ ንጹሕ አልጋ ያነጥፋሉ። ከታማሚውም ሆነ ከዘመዶቹ አንዲት ሳንቲም አይቀበሉም። ከሁሉ በላይ ግን መጸየፍ በፊታቸው እንዳይታይ ይጠነቀቁ ነበር፤ ታማሚ ይህን ለማየት ዓይኑ ፈጣን ነውና። በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ፥ ብርቱካኑን አስቀምጦ፥ ወዲያው በሩን በሩን የሚያይ ስንቱ ነው!

ብዙም ሳይቆይ አሊስ ሁበር የተባሉ ሠዓሊ ተባበሯቸው። በ1900 ሁለቱም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የዶሚኒካን ማኅበር ገቡ፤ ሮዝም እማሆይ አልፎንሳ ተባሉ። በ1901 ደግሞ ከከተማው ውጭ ሮዛሪ ሂል የተባለውን ቤት ከፈቱ።

ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን እንክብካቤ የማስታገሻ ሕክምና ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 የነቀርሳን ሥቃይ በደረጃ በደረጃ፥ እስከ ሞርፊን ድረስ፥ የማስታገሻ መመሪያ አውጥቷል። ጥያቄውም ታማሚው ስንት ቀን ኖረ ብቻ ሳይሆን እንዴት ዋለ፥ እንዴትስ አደረ የሚል ሆኗል። እማሆይ ይህን ያለ መመሪያ ይጠይቁ ነበር።

ሮዛሪ ሂል የእንጨት ቤት ነበር። እሳት ቢነሣ ከአልጋ የማይወርዱት ሕሙማን ወዴት ይሸሻሉ? እማሆይ በእርጅናቸው እሳት የማይበላው ሕንፃ ለማሠራት ገንዘብ ሲለምኑ ቆይተው፥ ሐምሌ 9 ቀን 1926 በ75 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። ሕንፃው ከእርሳቸው በኋላ ተሠራ።