ካፓብላንካ፡ የተዘጋጀለትን ፈተና በእርጋታ ያለፈው የቼዝ ሊቅና ዲፕሎማት

ሆሴ ራውል ካፓብላንካ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 19 ቀን 1888 በኩባ ሃቫና ከተማ ተወለደ። የስፔን ጦር መኮንን የነበረው አባቱ ሲጫወት በመመልከት የቼዝን ሕግ የተማረው ገና በአራት ዓመቱ ነበር። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ቢጀምርም ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ቼዝ አዞረ።

እ.ኤ.አ በ1909 የአሜሪካውን ዝነኛ ተጫዋች ፍራንክ ማርሻልን 8 ጊዜ አሸንፎ አንዴ ብቻ በመረታት ዓለምን አስደነቀ። በ1913 የኩባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባልደረባ የሆነው ካፓብላንካ፣ በየሀገሩ እየተዘዋወረ በቼዝ የሀገሩን ስም ያስጠራ ነበር።

ብቃቱ በጉልህ ከታየባቸው ጨዋታዎች አንዱ በኦክቶበር 1918 በኒውዮርክ የማንሃታን ቼዝ ክለብ ውድድር ላይ የተደረገው ነው። ካፓብላንካ በነጭ ጠጠር የስፔን መክፈቻ በመባል በሚታወቀው ስልት ጀመረ። ማርሻል በስምንተኛው እርምጃ መሐል ሜዳ ላይ ያለ አንድ ወታደሩን አሳልፎ በመስጠት፣ በምትኩ በነጩ ንጉሥ ላይ ፈጣን ጥቃት የሚከፍትበትን አዲስ ስልት አቀረበ። ካፓብላንካ ተጋጣሚው አስቀድሞ እንደተዘጋጀ ቢረዳም ወታደሩን ከመውሰድ ወደኋላ አላለም። ጥቃቱን ደረጃ በደረጃ በመመከት በ36ኛው እርምጃ አሸነፈ፤ ውድድሩንም በአንደኝነት አጠናቀቀ።

እ.ኤ.አ በ1921 ሃቫና ላይ ኢማኑኤል ላስከርን አራት ጊዜ በማሸነፍና አንድም ጊዜ ባለመረታት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከ1916 እስከ 1924 ድረስ በይፋዊ ውድድር ሽንፈት አልገጠመውም።

ይሁን እንጂ በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ የገጠመው አሌክሳንደር አልዮኪን፣ የካፓብላንካን ጨዋታዎች በጥልቀት አጥንቶ የመጣ ተጋጣሚ ነበር። ከ34 ጨዋታዎች አልዮኪን 6፣ ካፓብላንካ 3 ሲያሸንፉ ቀሪዎቹ በአቻ ውጤት ተጠናቀዋል። በዚህም ማዕረጉን ያጣው ካፓብላንካ ለመልስ ግጥሚያ ለዓመታት ቢጥርም አልተሳካለትም።

ካፓብላንካ በማርች 1942 በዚያው በማንሃታን ቼዝ ክለብ ሳለ በድንገት ታሞ በማግስቱ ሕይወቱ አለፈ፤ በሃቫናም ተቀበረ።

በ1918 የተሸነፈው የመክፈቻ ስልት ግን በአሸናፊው ሳይሆን በተሸናፊው ስም የማርሻል ጥቃት ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ዳብሮ፣ ዛሬም በታላላቅ ውድድሮች ላይ ሥራ ላይ ይውላል።